ፈቃዱ ለሰውየው ነው ወይስ ለብስክሌቱ?

ስለ ኤሌክትሪክና ባለሞተር ብስክሌቶች ሕግ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ጎማቸው አንድ ነው፣ ባትሪያቸውም የወጣው ከአንድ ፋብሪካ ነው። አንደኛውን በእንግሊዝ አገር የ14 ዓመት ልጅ ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ያለ ሰሌዳና ያለ መድን ይዞት ቢወጣ የሚያስቆመው የለም። ሁለተኛውን ግን ጎልማሳ ሰው እንኳ እንዲሁ ቢነዳው ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ መድን ባለሞተር ተሽከርካሪ በመንዳት ይከሰሳል። ልዩነታቸው በዓይን ቢፈልጉት አይገኝም። ያለው ሞተሩ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚያርፍ በሚወስኑት ጥቂት የኮምፒውተር ትእዛዞች ውስጥ ነው። ሕግ እንዲህ በማይታይ ነገር ላይ ድንበር ሲያሰምር ድንበሩን የሚጠብቀው ማን ነው? በተጣሰ ጊዜስ ተጠያቂው ማን ይሆናል? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። የየአገሩን ሕግ ደግሞ አንድ በአንድ አልዘረዝርም። ያን ባደርግ ግማሾቻችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፣ እኔም እከተላችኋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ክፍተት ነው። በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት የሚለው ቢያንስ ሁለት ጎማ ያለውንና በላዩ በተቀመጡት ሰዎች ጡንቻ ብቻ የሚንቀሳቀሰውን ነው። ሞፔድ የሚለው ደግሞ ከ50 ሲሲ የማይበልጥ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር የተገጠመለትንና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ሆኖ የተሠራውን ነው። እግር እየረገጠው ባትሪ የሚያግዘው ብስክሌት ከሁለቱ ወደ የትኛው ይገባል? «ጡንቻ ብቻ» ከሚለው ይወጣል፣ «ነዳጅ የሚያቃጥል» ከሚለውም ይወጣል። ስምምነቱን የጻፉትን መውቀስ አይገባም፤ በጊዜው እንዲህ ያለ ነገር በገበያ ላይ አልነበረም።

ክፍተቱን በብልሃት የሞሉት ጃፓኖች ናቸው። ያማሃ በ1993 በእግር ርግጫ ላይ ተመሥርቶ የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ፣ ይህ ነገር ብስክሌት እንጂ ሞተር ሳይክል አይደለም ብሎ ማሳመን ነበረበት። መፍትሔው ምጣኔ ሆነ። በዛሬው የጃፓን ደንብ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ድረስ እግር አንድ እጅ ኃይል ካወጣ ሞተሩ እስከ ሁለት እጅ ሊጨምርለት ይችላል። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ እርዳታው እየቀነሰ ሄዶ 24 ኪሎ ሜትር ላይ ዜሮ ይገባል። እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ ምጣኔው አንድ ለአንድ ነበር፤ ዳገትና ጭነት ስለሚከብድ ከፍ ተደረገ። የዚህ ደንብ ውበቱ ስሌቱ ላይ ነው፦ ዜሮ በሁለት ቢባዛ ዜሮ ነው። ያልረገጠ ሰው ምንም አያገኝም።

አውሮፓውያን የመረጡት ሌላ መንገድ ነው፤ በሩን በሦስት ቁልፍ ቆለፉት። በ2002 በወጣው መመሪያ፣ ኋላም ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ቁጥር 168/2013 መሠረት አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሞተር ተሽከርካሪ ሕግ ውጭ እንዲሆን ሞተሩ ከ250 ዋት አይበልጥም፣ ነጂው መርገጥ ሲያቆም ሞተሩም ያቆማል፣ ፍጥነቱም 25 ኪሎ ሜትር ከመድረሱ በፊት እርዳታው ቀስ በቀስ ቀንሶ ይቋረጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብስክሌትነቱ ቀረ። ያለ ርግጫ የሚፈቀደው ብስክሌቱን በእጅ እየገፉ ዳገት ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱም በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር አያልፍም፣ በሰው እርምጃ ልክ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ 250 ዋት በሚለው ቁጥር ጥቂት እንቆይ፤ በሥራው ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚጨቃጨቁበት ነውና። ያልሠለጠነ ጤነኛ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይደክመው የሚያወጣው ኃይል ወደ 100 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 250 ሲባል ከኋላው ሁለት ሰው ተኩል እየገፋው ነው ማለት ይመስላል። ደንቡ የሚለው ግን ሞተሩ በአንድ አፍታ ስለሚያወጣው ከፍተኛ ኃይል አይደለም። ሞተሩ ሳይግል ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለውን ነው የሚለካው። ዳገት ላይ ያን ሞተር ብትለኩት 500 ወይም 600 ዋት ሲያወጣ ታገኙታላችሁ፣ ሕገ ወጥም አይደለም። 36 ቮልት ባትሪ ላይ 15 አምፔር ሲሄድ አይቶ፣ ሁለቱን አባዝቶ፣ «540 ዋት ነው፣ ወንጀል ነው» የሚል ተቆጣጣሪ ቢኖር ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ክሱ ግን ይወድቃል። በተቃራኒው ደግሞ 500 ዋት ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ሊውል የሚችል ሞተር ሠርቶ ሽፋኑ ላይ 250 ብሎ የሚቀርጽ ፋብሪካ አለ። ቅርጹ ፊደል ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ቁልፎች ደካማው ይኸ ነው። የጀርመን ብስክሌት ኢንዱስትሪ ማኅበርም ራሱ ከፍተኛው ኃይል በ750 ዋት ጣሪያ ይበጅለት ብሎ ሐሳብ ማቅረቡ ቁጥሩ እንደሚያፈስ ነጋዴው ጭምር ማወቁን ያሳያል።

የፍጥነቱ ቁልፍ ግን ይለካል። በኔዘርላንድ ፖሊሶች የብስክሌቱን የኋላ ጎማ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ አቁመው ሞተሩ በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሚያቋርጥ እዚያው መንገድ ዳር ያያሉ። ክርክር የለበትም።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ጥያቄው ለሁለት ተከፍሎ እናገኘዋለን። የፌዴራሉ ምክር ቤት በ2002 ያወጣው ሕግ ዝቅተኛ ፍጥነት ያለውን የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደማንኛውም የሸማች ዕቃ ቆጥሮ ለሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን አስረከበው። መስፈርቱ የሚሠራ ፔዳል፣ ከ750 ዋት በታች የሆነ ሞተር፣ በሞተር ብቻ ሲነዳም በሰዓት ከ20 ማይል በታች፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ፍጥነት ነው። ሕጉ የፈታኙን ክብደት ሳይቀር ጽፏል፦ 170 ፓውንድ፣ ወደ 77 ኪሎ። ከባድ ሰው ከተቀመጠበት ፍጥነቱ ይቀንሳልና ብልጥ ፋብሪካ የሠፈሩን ወፍራም ለፈተና እንዳያስቀምጥ ታስቦ ይሆናል፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሕጉ ምክንያቱን አልጻፈም።

ያ ሕግ ግን የሚገዛው መሸጡን ነው። መንገድ ላይ መንዳት የየክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ነው። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዕቃ ከሱቁ በር ሲወጣ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ በኒውዮርክ ለዓመታት የሆነውም ይኸው ነው፣ እመለስበታለሁ። ካሊፎርኒያ በ2015 አጽድቃ በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ሦስት ክፍል አበጀች። አንደኛው በርግጫ ብቻ እስከ 20 ማይል ያግዛል። ሁለተኛው የሞተር ሳይክል ነጂዎች በእጃቸው የሚጠመዝዙት ዓይነት መስጫ አለውና ሳይረግጡም እስከ 20 ማይል ይሄዳል። ሦስተኛው በርግጫ እስከ 28 ማይል ይደርሳል። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህንኑ ቀዱት።

አሁን 28 ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር ለውጡት፤ 45 ይሆናል። 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በጀርመን መንጃ ፈቃድ፣ የመድን ሰሌዳና የራስ ቁር ግዴታ አለበት፣ በብስክሌት መንገድም መሄድ አይፈቀድለትም። ካሊፎርኒያ የምትጠይቀው 16 ዓመት መሙላትንና የራስ ቁርን ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሚባል የለም። ማሽኑ አንድ ነው፣ የሚሰብረው አጥንትም አንድ ነው።

ስለ አጥንት ካነሣን፣ ብስክሌቱና ነጂው አንድ ላይ 100 ኪሎ ይመዝናሉ ብለን ብናሰላ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የያዙት ጉልበት ወደ 2,400 ጁል ነው። በ45 ኪሎ ሜትር ወደ 7,800 ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ አለፈ። መንጃ ፈቃድ የሚባለው ነገር የሚጀምርበት ቦታ በስሜት የተመረጠ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ስሌት ቢያዩት እላለሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከጀርመኖች ጋር ነኝ።

የጀርመኖቹ ሰሌዳ ራሱ ልዩ ነገር ነው። ለፈጣኑ ብስክሌትና ለሞፔድ የሚሰጠው ትንሽ የመድን ሰሌዳ ቀለሙ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ይዞራል፣ ዓመቱም የሚጀምረው በማርች 1 ቀን ነው። ፖሊሱ ወረቀት ማገላበጥ አያስፈልገውም። ያለፈውን ዓመት ቀለም ለጥፎ የሚሄድ ሰው መድን እንዳላደሰ ከሩቅ ይታወቃል። በዚህ ርእስ ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ በአፈጻጸም የሚያስቀናኝ ይህ ነው።

ዜሮ ፈቃድና ሙሉ ፈቃድ በሚሉት መካከል ሌላ ነገር የለም ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሲንጋፖር አለች። እዚያ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከ250 ዋት፣ ከ25 ኪሎ ሜትርና ከ20 ኪሎ ክብደት ሳያልፍ፣ በእጅ መስጫም ሳይኖረው፣ ተመዝግቦ ሰሌዳ ይለጥፋል። ነጂው 16 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በኮምፒውተር የሚሰጥ የጽሑፍ ፈተና ማለፍ አለበት። የመኪና መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ ቢያንስ ግን በእግረኛ መንገድ መንዳት ክልክል መሆኑን አንብቦ መልሷል ማለት ነው።

በአንጻሩ ከ2020 ሜይ በፊት በሰሜን አየርላንድ የነበረውን ተመልከቱ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ማንም የሚነዳውን ያንኑ ብስክሌት ባሕሩን ተሻግሮ ይዞ የገባ ሰው ሞፔድ እንደያዘ ተቆጥሮ ምዝገባ፣ መንጃ ፈቃድና መድን ይጠየቅ ነበር። ሕጉ ሳይሻሻል በመቆየቱ ብቻ።

ቻይና ግን ስለ ፔዳል የምንማርባት አገር ናት። የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት ሕጓ በ2004 ሥራ ላይ ሲውል የኤሌክትሪክ ብስክሌትን ሞተር ከሌላቸው ተሽከርካሪዎች ጋር መደበ፣ በእነርሱ መንገድም በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ወሰነ። በ2019 ኤፕሪል ሥራ ላይ የዋለው አገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ፋብሪካው 25 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚሄድ እንዲሠራ ፈቀደለት፦ ባትሪው ጭምር ከ55 ኪሎ የማይበልጥ፣ ከ400 ዋት የማያልፍ፣ ፔዳሉም የሚሠራ። 55 ኪሎ የሚመዝን ነገር በእግር እየረገጠ የሚሄድ ሰው ማን አየ? ፔዳሉ የሚኖረው ለተቆጣጣሪው ነበር። ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ ይፈታዋል፣ ያላወለቀውም እግሩን ማሳረፊያ ያደርገዋል። ከ2025 ሴፕቴምበር ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ደረጃ ለሙሉ ኤሌክትሪኩ ዓይነት ፔዳል ግድ መሆኑን አንሥቶ ፋብሪካው እንዲወስን ተወው፤ በምትኩ ፍጥነቱ 25 ሲያልፍ ሞተሩ ኃይል እንዳይሰጥ፣ ባትሪውና መቆጣጠሪያውም ተፈትተው እንዳይለወጡ ጠበቅ አደረገ። ጥሩ አደረጉ ባይ ነኝ። ማንም የማያከብረውን ምልክት ከመጠበቅ የሚለካውን ነገር መጠበቅ ይሻላል። ሕንድም ከ250 ዋትና ከ25 ኪሎ ሜትር በታች የሆነውን ከሞተር ተሽከርካሪነት ስታወጣ ፔዳል ሳትጠይቅ ነው፤ ለዚህ ነው እዚያ ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዱ ትንንሽ ስኩተሮች የበዙት።

ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ከተራ ብስክሌት ጋር ስለሚገጥሙት ሰዎች ብዙ አልናገርም፤ ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሁለት ምት ያላትን ትንሽ ሞተር ከነመለዋወጫዋ በካርቶን ገዝቶ ከብስክሌቱ አካል ጋር በብሎን ያሰረ ሰው በአብዛኛው አገር የያዘው ሞፔድ ወይም ሞተር ሳይክል ነው። ቁጥሩ 49 ሲሲ በመሆኑ የሚያመልጥ የሚመስለው ብዙ ነው፤ 50 ሲሲ ሞፔድን ከሞተር ሳይክል የሚለይ መስመር እንጂ ሞፔድን ከብስክሌት የሚለይ አይደለም። ችግሩ ልመዝገብ ቢልም አለመቻሉ ነው። የሻንሲ ቁጥር የለውም፣ መብራቱና ፍሬኑ ለዚያ ፍጥነት ተፈትኖ አያውቅም፣ አምራች የሚባል ፈራሚ የለውም። በብሪታንያ ለእንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ለብቻው የሚደረግ ምርመራ አለ፤ ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ነገር ያን ማለፍ ግን ቀላል አይደለም። በብስክሌት ፍሬን 50 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በ25 ኪሎ ሜትር የተቆለፈውን ብስክሌት መክፈት እንዴት እንደሚቻል ላሳያችሁ፤ ምስጢር አይደለም። በኋላ ጎማው ራጂ ላይ አንዲት ትንሽ ማግኔት ትታሰራለች። ጎማው በዞረ ቁጥር በአካሉ ላይ ባለው ሴንሰር አጠገብ ታልፋለች፣ ሴንሰሩም ይቆጥራታል። በሽቦው መካከል የምትገባ አንዲት ጥፍር የምታህል ዕቃ ከሁለቱ ምት አንዱን ትውጣለች። ብስክሌቱ 50 ሲሄድ ሞተሩ 25 የሄደ ይመስለዋል፣ ስክሪኑም 25 ብሎ ያሳያል። ዕቃዋ በግልጽ ትሸጣለች፣ መግጠሙም ሰዓት አይፈጅም።

ፈረንሳይ በ2019 ይህን ወንጀል አደረገችው፦ የብስክሌቱን የፍጥነት ገደብ የፈታ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 30,000 ዩሮ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ለሻጩና ለአስመጪው እስራቱ እስከ ሁለት ዓመት ይደርሳል። ቅጣቱ ከበዛ በዛ፤ እኔ የምወደው ግን ሻጩ ከነጂው በላይ መቀጣቱን ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። መንጃ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከነጂው ላይ ሲነሣ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደ ማሽኑ ይዛወራል። ነጂውን «አትፈተን» ያልነው ማሽኑ ስለተፈተነ ነው። እንግዲያው ማሽኑ ሲዋሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማሽኑን የሠራው፣ ያስገባውና የሸጠው ሊሆን ይገባል።

በተግባር የምናየው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። በኒውዮርክ ከተማ በእጅ መስጫ ያላቸው ብስክሌቶች ይሸጡ ነበር፣ የምግብ ቤቶች ንግድም በእነርሱ ላይ ቆሞ ነበር፤ በመንገድ ላይ መንዳት ግን ክልክል ነበር። በ2017 መጨረሻ የከተማው አስተዳደር ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅ አስታወቀ። መንገድ ላይ የተገኘው ምግብ አመላላሹ ነው፤ አብዛኛው ስደተኛ፣ ብስክሌቱን በራሱ ገንዘብ የገዛ። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርስ ነበር፣ ብስክሌቱም ይወረስ ነበር። ምግብ የሚታዘዝበትን የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ትእዛዝ በደቂቃ የሚቆጥረው ኩባንያ በዚያ መንገድ ላይ ቆሞ አይገኝማ። ክፍለ ግዛቱ በ2020 ብስክሌቶቹን ሕጋዊ ሲያደርግ ያ ዘመን አበቃ።

ሌላው መዘዝ ግን ቆይቶ መጣ። ርካሽና ያልተፈተኑ ባትሪዎች በመኖሪያ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ እያሉ መቃጠል ጀመሩ፤ በ2023 ብቻ በዚያች ከተማ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሥራ ላይ የዋለው የከተማው ሕግ ታዲያ ማንን ጠየቀ? ሻጩን። በታወቀ ቤተ ሙከራ የደኅንነት ደረጃ ያላለፈ ብስክሌትና ባትሪ መሸጥም ማከራየትም ተከለከለ። ይህ ከመጀመሪያው ሊሆን የሚገባው ነበር።

ስለ መድን ባጭሩ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2023 ኦክቶበር የወሰነው ጉዳይ አለ። በቤልጂየም አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲሄድ በመኪና ተገጨ፣ ኋላም ሞተ። ብስክሌቱ ሳይረግጡት እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስወነጭፍ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ የሚሠራው ግን አስቀድሞ በእግር ከተነሣ በኋላ ነው። ሟቹ የሞተር ተሽከርካሪ ነጂ ነበር ወይስ አልነበረም? ለካሣው ወሳኙ ይህ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሜካኒካል ኃይል ብቻ የማይንቀሳቀስ ነገር በመድን መመሪያው የሞተር ተሽከርካሪ አይባልም አለ። ስለዚህ በአውሮፓ ሕግ ደረጃ የመድን ግዴታ የለበትም። የፍጥነት ገደቡን የፈታችሁት ብስክሌት ግን በዚህ ጥላ ሥር አይጠለልም። አደጋ ባደረሰ ዕለት የቤተሰብ ኃላፊነት መድን ያለው ሰው እንኳ «የሞተር ተሽከርካሪ አይሸፈንም» የምትለውን አንቀጽ ያን ጊዜ ያነባታል።

ከንግግሩ በኋላ ከታዳሚው የቀረበልኝን አንድ ጥያቄ እዚህ ላክልበት። አንዲት እናት ለልጃቸው ሊገዙ አስበው «የምገዛው ነገር የቱ ጎራ እንደሆነ በምን ልወቅ?» አሉኝ።

እንዲህ አልኳቸው። እናቴ፣ መጀመሪያ በልጁ ዕድሜ የሚፈቀደውን ይጠይቁ፤ ብሪታንያ 14፣ ቻይና 16 ትላለች፣ አገሩ ይለያያል። ቀጥሎ ብስክሌቱን ያገላብጡት። አካሉ ላይ የአምራቹ ስም፣ የሞተሩ ዋትና እርዳታው የሚቋረጥበት ፍጥነት የተጻፈበት መለያ መኖር አለበት፤ የአውሮፓ ከሆነ ኢኤን 15194 የሚል የደረጃ ቁጥር ይፈልጉ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥተው እጅ መስጫውን ይሞክሩት፤ ማንም ሳይረግጥ ጎማው ከዞረና ካልቆመ በብዙ አገር የያዙት ብስክሌት አይደለም። የሻጩን ወረቀትም እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። ከታች በደቃቃ ፊደል «ለግል ይዞታ ብቻ» ወይም «በሕዝብ መንገድ ላይ ለመጠቀም አይደለም» የሚል ካገኙ ሻጩ የሚሸጠው ነገር ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አውቆ ኃላፊነቱን ለእርስዎ አስረክቧል። ያን ወረቀት አይፈርሙለት።